የአልኮል ክልከላው እና የድግስ ቤቱ

የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል፤ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅንም አግዷል። ስሟ በቢራ ጠርሙስ ላይ ለታተመው ሐረር የማስታወቂያው እገዳ ብቻውን በቂ አይሆንም። ከጀጎል ግንብ ውጭ ያሉትን መጠጥ ቤቶች መቆጣጠር ይቻላል፤ አስቸጋሪው የምረቃና የልደት ድግስ ነው። ሕጉ የሚይዘው ሻጩን ሲሆን፣ በድግስ ላይ ግን መጠጡ አይሸጥም፤ ብዙውን ጊዜም የሚቀዳው በታላላቆች እጅ ነው። ስለሆነም ኃላፊነቱ በደጋሹ ላይ ይወድቃል። ያው የሐረር ቢራ ፋብሪካ አልኮል አልባውን ሶፊንም ሲያመርት የቆየ በመሆኑ ለታዳጊ የሚቀርብ አማራጭ አይጠፋም። ጠጥቶ ራሱን የሳተ ታዳጊ «ተኝቶ ይነሣል» ተብሎ ብቻውን ሊተው አይገባም፤ ትውከት እንዳያንቀው በጎኑ አስተኝቶ፣ በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ መጥራት ያስፈልጋል።