ራሱ ማርሽ ስለሚለውጠው ካምቢዮ

ባለፈው ክረምት ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ የአውቶሞቢላችን ሞተር በመንገድ ላይ ጠፍቶ አልነሣም አለ። እኛም አንድ የጭነት መኪና ለምነን፥ የማርሹን እጀታ «ኤን» ላይ አድርገን፥ በገመድ አስጐትተን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መጣን። ሞተሩ በማግሥቱ በጥቂት ገንዘብ ተጠገነ። ነገር ግን አውቶሞቢሉ ወደ ፊትም ወደ ኋላም የማይሄድ ሆነ። ካምቢዮውን የፈቱት ሽማግሌ መካኒክ፥ «ጌታዬ፥ ይህን የገደለው ገመዱ ነው» አሉን። ገመድ ካምቢዮን እንዴት እንደሚገድል ለማወቅ ስንል የየክፍሉን ሥራ ጠይቀን ተማርን። ዛሬ በብዙ ቤት እመቤቲቱም ልጆቹም የሚነዱት አውቶሞቢል ይህ ዓይነት ስለ ሆነ ለአንባቢዎቻችን ልንገልጸው ወደድን።

የሞተሩ ኃይል ወደ ጎማው ሳይቋረጥ ቢደርስ ኖሮ፥ አውቶሞቢሉ በቆመ ጊዜ ሞተሩም አብሮ በጠፋ ነበር። በእጅ በሚለወጠው ካምቢዮ ይህን የሚከለክለው ነጂው በግራ እግሩ የሚረግጠው ፍሪሲዮን ነው። በአውቶማቲኩ ግን በዚያ ፈንታ ዘይት ገብቷል። ከሞተሩ ጋራ የታሰረ፥ ዙሪያው የተዘጋ ክብ ዕቃ አለ፤ ስሙንም ቶርክ ኮንቨርተር ይሉታል። በውስጡ ክንፍ ያላቸው ሁለት መንኰራኵሮች ፊት ለፊት ይተያያሉ እንጂ አይነካኩም። አንደኛው ከሞተሩ ጋራ እየዞረ ዘይቱን ይወረውራል፤ ዘይቱም ወራጅ ውኃ የወፍጮን መዘውር እንደሚመታ ሁለተኛውን እየመታ ያዞረዋል። በመካከል ያለው ሦስተኛው ክንፍ ደግሞ የሚመለሰውን ዘይት አቅጣጫውን አቅንቶ ይሰደዋልና፥ አውቶሞቢሉ ከቆመበት ሲነሣ የሞተሩን የማዞር ጕልበት ወደ ሁለት እጥፍ ያደርሰዋል። ፍሬን ይዘን ስንቆም ሞተሩ የማይጠፋው ዘይቱ በመካከል ስለሚንሸራተት ነው። ፍጥነት ከተያዘ በኋላ ግን መንሸራተቱ ነዳጅ ያባክናልና፥ በዛሬዎቹ አውቶሞቢሎች ሁለቱን የሚያቈላልፍ አንድ ፍሪሲዮን በውስጡ ተጨምሯል።

ኃይልን በፈሳሽ የማስተላለፍን ብልሃት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1905 ያስመዘገበው ሄርማን ፌቲንገር የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ ነው፤ ያሰበውም ለመርከብ ነበር። ጄኔራል ሞተርስ «ሃይድራማቲክ» ያለውን ካምቢዮ በኦልድስሞቢል ላይ አድርጎ ያወጣው በ1940 ሞዴል ነው።

ከዘይቱ ቤት ኋላ ጥርሶቹ ይገኛሉ። በመካከል ያለው ጥርስ «ፀሐይ» ይባላል፤ በዙሪያው የሚዞሩት ትንንሾች «ፈለኮች»፥ ሁሉን የሚከበው ጥርሱ ወደ ውስጥ የሆነው ደግሞ «ቀለበት» ነው። በልጅነታችን ባሕረ ሐሳብ ስንማር የሰማነውን ስም በጋራዥ ውስጥ መስማታችን አስደንቆናል። የዚህ አሠራር ምስጢሩ ጥርስን ከጥርስ ማላቀቅ ሳይሆን አንዱን መያዝ ነው። ቀለበቱ ተይዞ ፀሐይ ቢነዳ፥ ፈለኮቹን የተሸከመው ክፍል በዝግታና በብርቱ ጕልበት ይዞራል፤ ይህም ለአቀበት ነው። ሁለቱ ክፍሎች ቢተሳሰሩ ሁሉም እንደ አንድ ሆነው ይዞራሉ፤ ይህም ለሜዳ ነው። የፈለኮቹ ተሸካሚ ተይዞ ፀሐይ ቢነዳ ግን ቀለበቱ ወደ ተቃራኒው ይዞራልና አውቶሞቢሉ ወደ ኋላ ይሄዳል።

ታዲያ ያዡ ማን ነው? እንደ ቀጭን እንጀራ የተደራረቡ ክብ ሳሕኖች አሉ፤ ዘይት በግፊት ሲመጣባቸው ተጣብቀው ይይዛሉ፤ ግፊቱ ሲለቅ ይላቀቃሉ። ዘይቱ ወደየትኛው እንዲሄድ በጠባብ መንገዶችና በቫልቮላዎች የተሞላ አንድ ክፍል ይወስናል። ቀድሞ የሚወስነው በፍጥነቱና በነዳጁ ርግጫ መጠን ነበር፤ ዛሬ ግን ኮምፒዩተር ቫልቮላዎቹን በኤሌክትሪክ ያዛቸዋል። ይህን ሁሉ ዘይት የሚገፋው ፖምፓ ነው፤ ፖምፓውንም የሚያዞረው ሞተሩ ነው።

የእኛም ጥፋት በዚህ ተገለጠ። ሞተሩ ጠፍቶ ስንጐተት ጎማዎቹ የካምቢዮውን ጥርሶችና ሳሕኖች ከበስተ ኋላ ያዞሯቸው ነበር፤ ፖምፓው ግን ቆሟል። ስለዚህ መቶ ኪሎ ሜትር ሙሉ ብረት ከብረት ጋራ ያለ ዘይት ተፋተገ። መካኒኩ ከውስጡ የቀዱትን ዘይት በብርጭቆ አድርገው አሳዩን፤ ቀይ መሆን ሲገባው ጠቍሮ የተቃጠለ ነገር ይሸታል።

እንዲህ ያለ አውቶሞቢል ሲበላሽ የሚነዱት ጎማዎች ከመሬት ተነሥተው፥ ይልቁንም በጭነት መኪና ላይ ወጥቶ ይሂድ። ጥቂት መንገድ ቢጐተት የሚፈቅዱ ስላሉ የሠሪውን መጽሐፍ ማየት ይገባል። ነዳጅ እንቈጥባለን ብለው ቍልቍለት ላይ እጀታውን ወደ «ኤን» የሚያወጡ ወጣቶችም አሉ፤ ሞተሩ አውቶሞቢሉን ይዞ ማዘግየቱ ስለሚቀር ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ፍሬንም ሲግል ይደክማል። እንደ ዓባይ በረሃ ባለ ረዥም ቍልቍለት ዝቅ ያለውን ማርሽ በእጅ መምረጥ ያስፈልጋል። «ፒ» የሚለውም ቦታ አውቶሞቢሉን የሚይዘው እንደ ጣት ባለች ትንሽ ብረት ነውና፥ ተዳፋት ላይ አስቀድሞ የእጅ ፍሬኑ ይሳብ።

ካምቢዮው እስኪታደስ ሁለት ወር በእግራችን ሄድን። ገመዱን ግን ለጎረቤታችን ለእህል መጫኛ ሰጠናቸው።