ሽማግሌዎቻችን ከእኛ ወደ ቢሮው የሚላኩት መቼ ነው?



 በመድረሳችን ከፈጅር በኋላ ከሚቀመጡት ልጆች መካከል ቁርኣናቸው ላይ የሚያንጎላጁት በዝተዋል። በመጀመሪያ ተቆጣን። ቆይተን ስንጠይቃቸው ግን ሌሊቱን ከእናቶቻቸው ጋር ጀሪካን ይዘው ውሃ ሲጠብቁ እንደሚያድሩ ነገሩን። ውሃው በፈረቃ ነው፤ ፈረቃው ደግሞ ሰዓት አያከብርም። ከዚያ ወዲህ የሚቆጣ ኡስታዝ የለም።

ውሃ በመጣ ሌሊት ያለው ዕቃ ሁሉ ይሞላል፤ በርሜሉ፣ ባልዲው፣ ድስቱ ሳይቀር። በ2006 መግቢያ ድሬን ቤት ለቤት ያስተኛው የዴንጊ ትኩሳትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የዴንጊ ትንኝ እንደ ወባዋ ረግረግ አትፈልግም፤ ግቢ ውስጥ በተጠራቀመ ውሃ ትፈለፈላለች፣ የምትናከሰውም በቀን ነው። ስለዚህ የማታ አጎበር ብቻውን አላዳነንም። «በርሜላችሁን ክደኑ» ተባልን። ትክክለኛ ምክር ነው፣ ከደንን። ነገር ግን ቧንቧው በየቀኑ ውሃ ቢሰጥ ኖሮ ይህን ሁሉ በርሜል ማን ያስቀምጥ ነበር? ይህን ጥያቄ ለሚመለከተው አካል ያቀረበልን ሰው አላየንም።

ማቅረብ የሚገባቸው ሽማግሌዎቻችን፣ ኢማሞቻችንና የአፎሻ መሪዎቻችን ናቸው። እናከብራቸዋለን። የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ሟችን የሚያስቀብሩ፣ የቲምን የሚያስታውሱ እነሱ ናቸው። ሆኖም በአደባባይ መነገር ያለበት ነገር አለ፤ ወደ ቢሮ የሚጠሩት መልእክት ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ነው። «ሕዝቡን አረጋጉ» ሲባሉ ይመጡልናል። የእኛን ጉዳይ ይዘው ሲወጡ ግን አይታዩም። በሰፈራችን ሦስት አባቶች ስለ ውሃው ሊጠይቁ አንድ ቢሮ ሄደው ሻይ ተጋብዘው ተመለሱ። ይዘውልን የመጡት መልስ «ታገሱ በሏቸው» የሚል ነበር። ጠያቂ ሆነው የሄዱ ሰዎች መልእክተኛ ሆነው መጡ። እኛም ጥፋተኞች ነን፤ የድሬ ሰው ብሶቱን በቀልድ ማሳለፍ ይወዳል፣ ሳቅንና ተበተንን።

ዝምታ ምን እንደሚያስከፍል ግን ይህች ከተማ ታውቃለች። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎችን ወሰደ፣ በሺህ የሚቆጠሩትን ያለ ቤት አስቀረ። ጎርፉ የተኙትን ነው ያገኘው። ለደቻቱ ጎርፍ ድሬ ላይ ዝናብ መዝነብ የለበትም፤ ደጋው ላይ ከዘነበ ይበቃል። ከዚያ በኋላ በወንዙ ዳር ግንብ ተሠርቷል፣ አልሐምዱሊላህ። ግን አሸዋው ላይ ቆሻሻ ሲደፋ፣ የሰፈር ቦይ ተደፍኖ ሲከርም «ዘንድሮስ ማን ጠረገው?» ብሎ ከክረምት በፊት የሚጠይቅ ያስፈልጋል። ከጎርፍ በኋላማ ሁሉም ይጠይቃል።

እንዴት እንደሚጠየቅ ሙስሊሙ አያጣውም። በ2004 አወሊያ ላይ ሕዝቡ ኮሚቴውን ሲመርጥ ሦስቱ ጥያቄዎች የታወቁ ነበሩ፤ ኮሚቴው ይዞ ሄደ፣ የተሰጠውንም መልስ ይዞ ወደ ሕዝቡ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ እነዚያ ወንድሞቻችን ታስረው ነበር፤ ያሳዩን የአማና አያያዝ ግን አልታሰረም። ለውሃና ለቦይ የሚያንሰው ለምንድን ነው?

«ጥያቄው ከመስጊድ ከተነሳ ፖለቲካ ይባላል» የሚሉን አሉ። ሊባል ይችላል። ዑስማን (ረ.ዐ.) የሩማን ጉድጓድ ከባለቤቱ ገዝተው ለሕዝብ ወቅፍ ሲያደርጉ የሠሩት የውሃ ሥራ ነበር። ደግሞስ ብቻችንን ለምን እንሄዳለን? ደቻቱ ሃይማኖት ጠይቆ አልወሰደም፤ የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን እድር ከአፎሻችን ጋር አንድ ደብዳቤ ላይ ማኅተም ቢያደርግ ቃላችን ይከብዳል። ከሚሄዱት መካከልም ሴቶች ይኑሩ። ሌሊቱን የሚሰለፉት እነሱ ሆነው ሳለ ስለ ውሃ የሚናገሩት ወንዶች ብቻ የሆኑበት ምክንያት አይገባንም። የሴቶች አፎሻ የራሱ መሪዎች አሉት፣ አንደበትም አላቸው።

ደብዳቤው ሲገባ ቁጥርና ቀን ይሰጠው። መልሱም፣ እምቢታም ቢሆን፣ ከጁሙዓ በኋላ ለጀማዓው ይነገር። ሻይ መጋበዝ መልስ አይደለም።

እኛ ኡስታዞች ከድርሻችን ጀምረናል። ትልልቆቹ ተማሪዎች በየቤታቸው ውሃ የመጣበትንና የሄደበትን ሰዓት በአንድ ደብተር ላይ እየመዘገቡ ነው። ያልመጣበትም ሌሊት ይጻፋል። ደብተሩ መድረሳው ውስጥ ነው፤ አባቶቻችን መጥተው ይውሰዱት።