ምስክር ወረቀቱ ሳይሆን ምላሹ ይቆጠር

እ.ኤ.አ. በጁን 2016 የአሜሪካ የሰነደ መዋዕለ ንዋይና ልውውጥ ኮሚሽን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልን የሚመለከት ውሳኔ ይፋ አደረገ። ድርጅቱ ከ2011 እስከ 2014 ባሉት ዓመታት በዓባይ ላይ ለሚገነባው ግድብ የሚውል ቦንድ በአሜሪካ ለሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ሲሸጥ የአገሩ ሕግ የሚጠይቀውን ምዝገባ አላከናወነም ነበር። ከ3,100 በላይ ከሚሆኑ ነዋሪዎች 5.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሰብስቧል። በመጨረሻም ወለዱን ጨምሮ ወደ 6.5 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ለመክፈል ተስማማ።

ጉዳዩ ብዙ ጊዜ የሚነሣው እንደ ሕግ ክርክር ነው። በቅርበት ለመረመረው ግን የሕዝብ ግንኙነት ሥራ ታሪክ ነው። ሽያጩ በድብቅ አልተካሄደም፤ በታላላቅ ከተሞች ሕዝባዊ መድረኮች ተዘጋጅተዋል፣ በኤምባሲው ድረ ገጽ ተዋውቋል፣ ኢትዮጵያውያን በሚከታተሏቸው ሬዲዮና ቴሌቪዥኖች ተነግሯል። ሙያው በተለመደው መለኪያ ሲመዘን ሥራው የተዋጣለት ነበር፤ መልእክቱ ደርሷል፣ ስሜት ተነክቷል፣ ገንዘብ ተሰብስቧል። የጎደለው ንግግር ማሳመር አልነበረም። የጎደለው «ይህን ሰነድ ለዚህ አገር ነዋሪ ከማስተዋወቃችን በፊት ምን ማሳወቅ ይገባናል?» ብሎ የሚጠይቅና ሲጠይቅም የሚደመጥ ባለሙያ ነበር። እንዲህ ያለው ጥያቄ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተነሥቶ ከነበረም ሽያጩን አላስቆመም።

ዛሬ የኢትዮጵያ የሕዝብ ግንኙነትና ኮሙኒኬሽን ባለሙያዎች «ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ያስፈልጋቸዋል» የሚለው ሐሳብ ተቃዋሚ የለውም። ተቃዋሚ የሌለው ሐሳብ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያልተመረመረ ሐሳብ ነው። ባለሙያው ምን ይማር ከማለት አስቀድሞ መማሩ በምን ይታወቃል የሚለው መመለስ አለበት። መልሱ የሥልጠና ቀንና የምስክር ወረቀት ብዛት ከሆነ፣ አገሪቱ የምታፈራው መናገርን ሳይሆን አለመናገርን በተሻለ ቋንቋ የሚያቀርብ ባለሙያ ነው።

የሦስት ቀን ሥልጠና ኢኮኖሚ

የተለመደውን ሥልጠና የማያውቅ አንባቢ አይኖርም። ቦታው ቢሾፍቱ፣ አዳማ ወይም ሐዋሳ ነው። ከመድረኩ ጀርባ ባነር ተሰቅሏል። ርእሱ «ገጽታ ግንባታ»፣ «የማኅበራዊ ሚዲያ አጠቃቀም» ወይም «የቀውስ ጊዜ ተግባቦት» ነው። የመክፈቻ ንግግር፣ የሻይ ዕረፍት፣ የቡድን ውይይት፣ የጋራ ፎቶግራፍ ይከተላል። በሦስተኛው ቀን ምስክር ወረቀት ይታደላል፤ ፎቶግራፉም በመሥሪያ ቤቱ የፌስቡክ ገጽ ይወጣል።

ይህ ሥርዓት የሚቀጥለው ተሳታፊዎቹ ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም። ለሁሉም የሚከፍል ስለሆነ ነው። ደመወዙ ለቤት ኪራይ የማይበቃው ሠራተኛ አበል ያገኛል። አዘጋጁ በጀቱን በበጀት ዓመቱ ውስጥ ይጨርሳል። ኃላፊው ለሪፖርቱ ቁጥር፣ ለጋሹም ለሠንጠረዡ «የሠለጠኑ ሰዎች ብዛት» ያገኛሉ። ወጪውን የሚሸከመው በአዳራሹ የሌለው ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም መረጃ ጠይቆ መልስ ያጣው ዜጋ ነው።

ማይክል ስፔንስ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳሳየው፣ የትምህርት ማስረጃ ስለ ባለቤቱ ችሎታ አንዳች ነገር የሚናገረው ለማይችለው ሰው ማግኘቱ ከሚችለው ይልቅ የሚከብድ ሲሆን ነው። በመገኘት ብቻ የሚሰጥ ወረቀት ብርቱውን ከደካማው አይለይም። ሃያ ምስክር ወረቀት ያለው ባለሙያ ሃያ ጊዜ አዳራሽ ውስጥ እንደተቀመጠ ብቻ ይታወቃል።

የይዘቱም ጉዳይ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ ነጋዴውም ሸማቹም በአንድ ጊዜ ተመሳሳይ ጥያቄ ነበራቸው፦ የትኛው ዋጋ ይጨምራል? በምን ያህል? አስቀድሞ በትይዩ ገበያ ዋጋ የገባ ዕቃስ ለምን ይወደዳል? እነዚህ መልስ ያላቸው ጥያቄዎች ናቸው። መልሱን ለማስረዳት ግን የመግለጫ አጻጻፍ ሳይሆን የምንዛሬና የዋጋ ግንኙነት ዕውቀት ያስፈልጋል። የመሥሪያ ቤቱን ሥራ የማያውቅ የመሥሪያ ቤቱ አፍ ከመፈክር የተለየ የሚናገረው የለውም። መፈክር ያልሞላውን ቦታ ደግሞ ወሬ ይሞላዋል፤ የወሬውን ዋጋም አስቀድሞ የሚከፍለው ዘይትና ጤፍ በየቀኑ በጥቂቱ የሚገዛው ነው።

ነጥብ መቁጠር መድኃኒት አይደለም

ለዚህ ችግር የሚቀርበው ቀላል መፍትሔ የውጭውን አሠራር መቅዳት ነው። በብሪታንያ በ1948 ተመሥርቶ በ2005 ንጉሣዊ ቻርተር ያገኘው የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያዎች ተቋም ለአባላቱ የማጎልበቻ መርሐ ግብር አለው። በዓመት 60 ነጥብ ይሰበሰባል፤ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 5ቱ ከሥነ ምግባር መምጣት አለበት። ሥርዓቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ኃይሉ ውስን ነው። በዚያ አገር ማንም ሰው አባል ሳይሆን፣ አንድም ነጥብ ሳይሰበስብ በሙያው መሥራት ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2017 የለንደኑ ቤል ፖቲንገር በደቡብ አፍሪካ ለጉፕታ ቤተሰብ ኩባንያ የዘር ቁርሾን የሚያባብስ ዘመቻ በማካሄዱ ከሌላው የአገሩ የሙያ ማኅበር ተባረረ፤ በቀናት ውስጥም ኩባንያው ፈረሰ። ያን ዘመቻ የሠሩት ያልሠለጠኑ ሰዎች አልነበሩም፤ ከዘርፉ ስመ ጥር ኩባንያዎች የአንዱ ባለሙያዎች ነበሩ። ያስቆማቸው የደቡብ አፍሪካ ጋዜጠኞችና ዜጎች ያነሡት ጥያቄ፣ ቀጥሎም ሊያባርር የሚችል ማኅበር መኖሩ እንጂ የሥልጠና ሰዓት አልነበረም።

ኢትዮጵያ ከለንደን ሳትማር ከራሷ ልትማር ትችላለች። መምህራን ለረጅም ዓመታት «ተሙማ» በሚሉት ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ውስጥ አልፈዋል፤ የተቀመጠውም በዓመት 60 ሰዓት ነው። ዓላማው ክቡር ነበር። በብዙ ትምህርት ቤቶች ግን ግምገማ ሲቃረብ የሚሞላ ማኅደር ሆኖ ቀረ። የሚቆጠረው ሰዓት ከሆነ የሚመረተውም ሰዓት ነው።

ሁለተኛው የተለመደ መፍትሔ የሥራ ፈቃድ ነው፦ ያልተመዘገበ አይሥራ፣ ነጥብ ያልሞላ ፈቃዱ አይታደስ። በሕክምና ይህ ያስኬዳል፤ የጤና ባለሙያዎች ፈቃድ ከሙያ ማጎልበቻ ጋር መያያዙም ተገቢ ነው። ቃልን በሚመለከት ሙያ ግን አደገኛ ነው። ፈቃድ ሰጪው መንግሥት በሆነበት አገር፣ ስለ መንግሥት ሥራ እውነቱን የተናገረ ባለሙያ ፈቃዱን የሚያሳድሰው ከተናገረበት አካል ነው። ባለሙያውን ከሕዝብ ይልቅ ለአለቃው የበለጠ ተጠያቂ የሚያደርግ ማጎልበቻ የሙያው ጠላት ነው።

መለኪያው በሕጉ ውስጥ አለ

የተሻለው መለኪያ አዲስ ተቋምም አዲስ አዋጅም አይፈልግም። የመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያውን የመረጃ መብት በር ጠባቂ አድርጎ ሾሞታል። ዜጋ ጥያቄ ያቀርባል፤ ባለሙያው በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ ይመልሳል፤ ከከለከለም ምክንያቱን ያስረዳል። አፈጻጸሙን የሚከታተለው የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው። በአዋጁ ዓይን ይህ ሰው የገጽታ ገንቢ ሳይሆን ባለዕዳ ነው፤ ለሕዝብ መልስ አለበት።

እንግዲያው የሙያ ዕድገቱ በዚህ ዕዳ አከፋፈል ይለካ። ስንት ጥያቄ ተቀበለ? በስንት ቀን መለሰ? ከከለከለ የትኛውን የሕግ አንቀጽ ጠቀሰ? መሥሪያ ቤቱ ያወጣው ስሕተት ስንት ጊዜ በግልጽ ታረመ? ይህ ማኅደር የሥልጠናው ምንጭም ይሁን። የአንድ ቢሮ መልስ በተደጋጋሚ የሚዘገየው ስለ ግዥ ሲጠየቅ ከሆነ፣ ባለሙያው የግዥ ሕግ ይማር። ስለ ዋጋ ሲጠየቅ ከሆነ፣ ስታቲስቲክስ ይማር። እንዲህ ሲሆን ሥልጠናው ከጉድለት ይነሣል እንጂ ከበጀት መዝጊያ ቀን አይነሣም።

ሦስት ተቃውሞዎች ይጠበቃሉ። የመጀመሪያው «መረጃውን የሚይዘው አለቃው ነው፤ ባለሙያው ለምን ይቀጣል?» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ማኅደሩ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ጥያቄው በየትኛው ጠረጴዛ ስንት ቀን እንደተኛ ሲመዘገብ፣ የዝምታው ወጪ ከባለሙያው ወደ ዘጊው ይዛወራል። ዛሬ የሚሠራው «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለው ብሂል ነው፤ የመለሰ ይጋለጣል፣ ዝም ያለ ይኖራል። ይህ ስሌት ሳይቀየር የሚሰጥ ሥልጠና ዝም ማለትን አያስተውም።

ሁለተኛው «ቁጥሩ ይጭበረበራል» የሚል ነው። ማንኛውም መለኪያ ሽልማት ሲያያዝበት ይጣመማል፤ ቀላል ጥያቄ በወዳጅ ማስጠየቅም ይመጣል። ስለዚህ እንባ ጠባቂው በዕጣ መርጦ ጥቂት ማኅደሮችን ይመርምር፤ ጠያቂውም መልሱ ይረባ እንደሆነ ይናገር። የተጭበረበረ ማኅደር እንኳ ሊመረመር ይችላል፤ የሆቴል ፎቶግራፍ ግን ምንም አያስመረምርም።

ሦስተኛው የአገር ደኅንነት ምሥጢር ነው። ሕጉ ልዩ ሁኔታዎችን አስቀምጧል። በአንቀጽ ተደግፎ በጊዜው የተሰጠ ክልከላም መልስ ነውና ይቆጠር።

በዚህ ውስጥ በውጭ የሚኖረው ባለሙያ ድርሻ አለው። ለዓመታት የተጠየቀው ክረምት ሲመጣ የስላይድ ጥራዙን ይዞ ሄዶ ሥልጠና እንዲሰጥ ነው፤ ብዙዎችም በቅንነት ሄደዋል። ከእንግዲህ ግን ትኬት ከመቁረጡ በፊት ጋባዡን አንድ ነገር ይጠይቅ፦ ባለፈው ዓመት መሥሪያ ቤቱ የቀረቡለትን የመረጃ ጥያቄዎችና የሰጣቸውን መልሶች ዝርዝር። ዝርዝሩ ካለ ሥልጠናው ከዚያ ይጀምራል። ዝርዝሩ ከሌለ ወይም ከተከለከለ፣ ትኬቱ ሳይቆረጥ ችግሩ ታውቋል።

ነገሩ የመርሕ ብቻ አይደለም፤ የኪስም ነው። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ከወጣ በኋላ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 በይፋ ተከፍቷል። ከዚህ በኋላ አክሲዮንና ቦንድ የሚያስተዋውቁ መልእክቶች ይበዛሉ፤ ብዙዎቹም በዋሽንግተን፣ በለንደንና በዱባይ ያለውን ቁጠባ ያማትራሉ። ጻፊዎቹ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያዎች ናቸው። በ2011 የነበረው ጥያቄ በዚያው ጠረጴዛ ላይ እንደገና ይቀርባል፦ ገዢው ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት ምን ማወቅ ይገባዋል? ይህን የሚመልሰው ባለሙያ አዳራሽ ውስጥ በመቀመጥ አይፈጠርም፤ በየቀኑ በመመለስ፣ በመልሱም በመመዘን ይፈጠራል።