ፋርማሲስቱን መስኮት ጀርባ አናስቀረው

ዛሬ ብዙዎቻችሁ ስለማታውቁት አንድ ባለሙያ ላጫውታችሁ።

አንዲት እናት የ19 ዓመት ልጃቸውን ይዘው ተመለሱ (ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ)። «ዶክተር፣ መድኃኒቱ አልሠራለትም፤ አሥር ቀን ወስዶ ተወው» አሉኝ። ለድብርት ሕመሙ ፍሉኦክሰቲን ያዘዝኩለት እኔ ነኝ። ጥፋቱም የኔ ነው። የዚያን ቀን ወረፋው ረጅም ነበርና «በቀን አንድ ፍሬ» ብዬ ሸኘኋቸው። መድኃኒቱ መሥራት ለመጀመር ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት እንደሚፈጅ፣ ማቅለሽለሹ ግን ቀድሞ ሊመጣ እንደሚችል አልነገርኳቸውም። በዚህ ዕድሜ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊበረታ ስለሚችል በቅርብ ይከታተሉት አላልኩም።

ይህን ሁሉ ያስረዳቸው አብሮን የሚሠራ ክሊኒካል ፋርማሲስት ነው። ዓመታቱን ያሳለፈው በአእምሮና በሱስ ሕክምና ክፍል ታካሚና ቤተሰብ ሲያስተምር ነው። እናትየው ለጥቂት ደቂቃ ውጭ እንዲጠብቁ ጠይቆ ልጁን «ሌላስ ምን ትወስዳለህ?» አለው። ጫት፣ ማታ ማታ እንቅልፍ እንዲወስደው ዳያዜፓም፣ ቅዳሜ ደግሞ መጠጥ። ለኔ አንዱንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ፋርማሲስቱ አልተቆጣም። ዳያዜፓም ከመጠጥ ጋር ትንፋሽን እንደሚያዳክም፣ ለወራት የወሰዱትን በአንዴ ማቆም ደግሞ እንደሚጥል በሽታ ሊያንዘፈዝፍ እንደሚችል ነገረው። ቀስ በቀስ የምንቀንስበትን ዕቅድ ሦስታችን አወጣን።

ብዙ ወላጅ ይህን አያውቅም። ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረን ሰው ክፍል ቆልፎበት «ይተወዋል» ይላል። መጠጥ በድንገት ሲቋረጥ በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት አንዘፍዝፎ ሊጥለው፣ በ3ኛው ቀን ገደማ ደግሞ የሌለ ነገር እያየ ሊቃዥ ይችላል። ካልታከመ ይገድላል። አትቆልፉበት፤ ሐኪም ቤት አምጡት።

አገራችን ፋርማሲስት 5 ዓመት ታስተምራለች፤ እንደ ጅማና አዲስ አበባ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች በክሊኒካል ፋርማሲ ሁለተኛ ዲግሪ ይሰጣል። ከዚያ ብዙዎቹን መስኮት ጀርባ አቁመን ፍሬ እናስቆጥራለን። አሜሪካ ውስጥ የአእምሮ ሕክምና ፋርማሲ የራሱ የብቃት ፈተና ያለው ዘርፍ ነው። የኛ ባልደረባ ግን ዘርፉን ሲመርጥ ጓደኞቹ «እብድ ቤት ገባህ?» ብለው አሹፈውበታል (እየሳቀ ነው የነገረኝ፤ እኔ ግን አልሳቅኩም)። ከኛ ከሐኪሞቹም መካከል ሥራችንን የሚሻማ የሚመስለው አለ። እኔም አንድ ሰሞን እንደዚያ አስብ ነበር።

ለቀጠሮ ስትመጡ «ክሊኒካል ፋርማሲስት ማነጋገር እችላለሁ?» በሉ። ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ኑ፤ ለራስ ምታት የገዛችሁት አይቡፕሮፌን እንኳ አይቅር። ሊቲየም ለሚወስድ ሰው አይቡፕሮፌኑ ብቻውን በደሙ ውስጥ ያለውን ሊቲየም እስከ መመረዝ ድረስ ከፍ ሊያደርገው ይችላል።