ባለቤት ያጣ ዓረፍተ ነገር

ሥነ ጽሑፍ በማስተምርባቸው ዓመታት ተማሪዎቼን «የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት አውጡ» እያልኩ አሰልችቻቸዋለሁ። ዛሬ ለራሴ ያቃተኝ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ «ሲስተም የለም» የሚባለው። በሰዋስው ካያችሁት ባለቤቱ «ሲስተም» ነው። በመሥሪያ ቤት ካያችሁት ግን ባለቤት የለውም።

ለአንድ የዘመድ ጉዳይ ደባርቅ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ። ስሙን አልጠራም፤ ከጠራሁት ሌሎቹ «እኛን አይደለም» ብለው ይገላገላሉና። ሦስቱንም ቀን ከፊቴ የተሰለፉት ከዳባት ገጠር የመጡ አንድ እናት ነበሩ። በሌሊት ተነሥተው እስከ አስፋልቱ በእግር፣ ከዚያ በመኪና። በዚያ በሚያንሰፈስፍ የሰሜን ብርድ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይቆማሉ። ተራቸው ሲደርስ «እማማ፣ ሲስተሙ እምቢ ብሏል፤ ነገ ይምጡ» ይባላሉ። በሦስተኛው ቀን «ልጄ፣ እሱ ከታመመ ተተኪ የለውም ወይ?» ብለው ጠየቁ። ቢሮው በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። እናትየዋ ዓረፍተ ነገሩን ከእኔ በተሻለ ተንትነውታል፤ ባለቤቱን ነበር የጠየቁት።

መቼም ሰዉ ይህን ምክንያት ያለ ክርክር የሚቀበለው በከንቱ አይደለም። በሐምሌ 2015 ማብቂያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። ከዚያም በፊት፣ ወረዳኔት በተዘረጋ ሰሞን፣ ብዙ ወረዳዎች የተገናኙት በሳተላይት ነበር። ሳተላይቱ ያለው 36,000 ኪሎ ሜትር ላይ ነው፤ ጥያቄ ወጥቶ መልስ እስኪወርድ ግማሽ ሰከንድ ያህል ያልፋል። መቶ ጥያቄ ተራ በተራ የሚጠይቅ ፕሮግራም አንድ ደቂቃ ሊሞላው ትንሽ ነው የሚቀረው። የመጀመሪያው የመንግሥት ውሳኔ፣ ሁለተኛው የተፈጥሮ ሕግ ነው። የኛው መሥሪያ ቤት ጣጣ ግን ከሁለቱም አልነበረም። ሰርቨሩ ያለው እዚያው ግቢ፣ ከመስኮቱ ሁለት ክፍል አልፎ ነው!

ለወራት ያልተወቀሰ የለም። ቫይረስ ነው ተባለ፤ ዝናቡ ነው ተባለ፤ ቴሌ ነው ተባለ። አንዱ ባለሙያ መጥቶ ፒንግ አድርጎ «ኔትወርኩ ደህና ነው» ብሎ ሄደ። አልዋሸም፤ ትንሿ መልእክት ታልፍ ነበር። የሚንፏቀቀው ከባድ ፋይል ሲጫን ነው።

በዚያው በሦስተኛው ቀን የተጠራው ወጣት ግን አልገመተም፤ ለካ። አንድ ትልቅ ፋይል ከሰርቨሩ ወደ አንድ ኮምፒውተር ልኮ ሰዓት ያዘ፤ ዘገየ። ወደ ሌላው ላከ፤ ያም ዘገየ። ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ሲልክ ግን ፈጠነ። እንግዲያው ጥፋቱ ሰርቨሩና ስዊቹ መካከል ነው። ገመዱን ቀየረ፤ ለውጥ የለም። ቅንብሩን ሲከፍት ተገኘ። ሰርቨሩን አንድ ሰው በአንድ ወቅት በእጁ «ፉል ዱፕሌክስ» ላይ ቆልፎታል፤ ስዊቹ ደግሞ «አውቶ» ላይ ነው። እንዲህ ሲሆን ስዊቹ ከወዲያኛው ወገን ምላሽ ስለማያገኝ ወደ «ሃፍ ዱፕሌክስ» ይወርዳል። በእኛ ቋንቋ፣ አንዱ «እየተናገርኩ እሰማለሁ» ሲል ሌላው «ተራ ይጠበቅ» ይላል። ሰላምታ ያልፋል፤ ቁም ነገር ሲበዛ ይጋጫሉ፤ የተሰበረው እንደገና ይላካል። ሠላሳ ዓመት ግድም የታወቀ ሕመም ነው። ሁለቱንም «አውቶ» ላይ አደረጋቸውና አበቃ።

ታዲያ ምሥጢሩ የቱ ላይ ነው? ምሥጢር የሆነው ሌላ ነው፤ ማን ቆለፈው? መቼ? ለምን? የሰርቨሩን ክፍል ቁልፍ የያዘ አለ፤ የተነካውን የመዘገበ የለም። ዕቃው ሲገዛ ርክክብ አለ፣ ፊርማ አለ፣ ማኅተም አለ። ሲታመም ግን ወላጅ አልባ ነው።

«በጀት የለም፣ ባለሙያ አይበረክትልንም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ጦርነት ባለፈበት አገር ይህ እውነትነት አለው። ነገር ግን ማን ምን እንደቀየረ የሚጻፍበት አንድ ደብተር ስንት በጀት ይፈጃል? ማመልከቻ በወረቀት ተቀብሎ ደረሰኝ መስጠትስ የየትኛው ኮሌጅ ምሩቅ ይፈልጋል? «ሰርቨሩ ከጠዋት ጀምሮ ዘግይቷል፤ እገሌ እየፈተሸው ነው፤ የእርስዎን ጉዳይ ተቀብለናል» ማለት ገመድ አይጠይቅም፤ ኃላፊነት ነው የሚጠይቀው። «ሲስተም የለም» የምንለው ይህቺን ኃላፊነት ለመሸሽ ነው። ማሽን አይከሰስም፤ ደመወዙም አይቆረጥ።

በአራተኛው ቀን ሲስተሙ መጣ። ጉዳዬ በሩብ ሰዓት አለቀ። ከፊቴ ግን ማንም አልነበረም፤ እናትየዋ አልመጡም።