ከማደያው ሥር ያለውስ?

ከሥላሴ ወደ ፒያሳ የሚሄድ ባለመኪና ማደያ ሲገባ ጥያቄው ሁለት ነው፦ "ቤንዚን አለ? ስንት ገባ?" ከእግሩ ሥር ስለተቀበረው የብረት ታንከር የሚጠይቅ የለም።

ብረት በክረምት በራሰ አፈር ውስጥ ድምፅ ሳያሰማ ይዝጋል። ብዙ ጊዜ ቀዳዳው የሚታወቀው ነዳጁ ወደ አፈር ከፈሰሰ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከፊሉን ውሃዋን ከጉድጓድ የምትጠጣ ከተማ ናት።

መከላከያው የታወቀ ነው። ታንከሩ ዝገት በሚከላከል ቅብ ይሸፈናል፤ ከጎኑም ማግኒዚየም ተቀብሮ በሽቦ ይያያዛል። ዝገቱ ማግኒዚየሙን እየበላ ብረቱን ይተዋል። ግን ማግኒዚየሙም ያልቃል። ስለዚህ በየጊዜው መለካት ያስፈልጋል፤ በተለመደው መስፈርት ኔጋቲቭ 0.85 ቮልት ካልደረሰ ጥበቃው ደክሟል ማለት ነው።

ማደያዎች የሊትሩን ዋጋ እንደሚለጥፉ ሁሉ ታንከሩ መጨረሻ የተለካበትን ቀንም ይለጥፉ። ተቆጣጣሪም ሰልፉን ብቻ ሳይሆን ይህንን ቀን ይጠይቅ።