ጨዋታ መሥራት ለሚጀምር ልጅ ምን ይሰጠው?

ልጅ ስልክ ላይ አቀርቅሮ ሲጫወት ማየት ወላጅን ደስ አያሰኝም። ነገር ግን ጨዋታን መጫወት ሌላ፥ መሥራት ሌላ ነው። ዶሮ ከአሳዳጇ ስታመልጥ የሚያሳየውን «ኩኩሉ» የተባለውን ጨዋታ የሠሩት የአዲስ አበባዎቹ የቅኔ ጌምስ ባለሙያዎች ናቸው። እንግዲህ በወረታ ያለ ልጅ «እኔም ልሥራ» ብሎ ቢነሣ፥ ከመከልከል ይልቅ በምን እንደሚማር ማሰብ ይሻላል።

ጨዋታ ሠሪ ሁሉን ከባዶ አይጀምርም። ሥዕሉን የሚያንቀሳቅስለት፥ ድምፁን የሚያሰማለት «ጌም ኢንጂን» የሚባል መሣሪያ አለ። ከእነዚህ መካከል ጎዶት የተባለው፥ ሁለት የአርጀንቲና ሰዎች ጀምረውት በ2006 ዓ.ም. በነጻ ለሕዝብ የተለቀቀው፥ ለእኛ ቤት የሚስማማ ይመስለናል። የዩኒቲ ባለቤት ኩባንያ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ጨዋታ በተጫነ ቁጥር ክፍያ እንደሚጠይቅ አስታውቆ፥ ሠሪዎች ስለ ተቈጡ ከዓመት በኋላ መሰረዙን ያስታወሰ ሰው የነጻውን ጥቅም ያስተውላል።

ይሁን እንጂ የወረታውን ልጅ ይበልጥ የሚያስቸግረው ዋጋው ሳይሆን መስመሩ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠ ጊዜ፥ ትምህርቱን በቪዲዮ ብቻ የመሠረተ ተማሪ መጽሐፉን እንደ ተነጠቀ ያህል ነበረ። የጎዶት መምሪያ ግን በሙሉ ወርዶ በኮምፒዩተር ይቀመጣል። መሣሪያውም ከ200 ሜጋባይት ያነሰ ስለ ሆነ፥ ባሕር ዳር ደርሶ የሚመለስ ዘመድ ሁለቱንም በፍላሽ ሊያመጣቸው ይችላል። ጨዋታውን ለስልክ አዘጋጅቶ የሚያወጣው ጥቅል እጅግ ከባድ ነውና በዚያው መንገድ ቢመጣ መልካም ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። አራተኛው ዕትም በየካቲት 2015 ዓ.ም. ሲወጣ ብዙ ስሞች ተለውጠዋል፤ «ካይነማቲክ ቦዲ» ይባል የነበረው «ካራክተር ቦዲ» ሆነ። በሦስተኛው ዕትም የተዘጋጀ ትምህርት ይዞ በአራተኛው የሚሠራ ልጅ፥ እንዳየው ጽፎ መሣሪያው እምቢ ሲለው የራሱ ድንቍርና ይመስለዋል፤ ስንቱ በዚህ ተስፋ ቈርጦ ይተዋል! ወላጅ ኮድ ባያውቅም የትምህርቱንና የመሣሪያውን የዕትም ቍጥር ማመሳከር አያቅተውም።

የቅኔ ተማሪ ከጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ይጀምራል እንጂ መወድስ ልቍጠር ብሎ አይነሣም። በመምሪያውም ውስጥ ለጀማሪ የተሰጠች ትንሽ ጨዋታ አለች፤ አንዱ ከሚመጡበት ፍጥረቶች እየሸሸ ጊዜ የሚቈጥርባት ናት። ይህችን ሳያሳጥር እስከ መጨረሻው ይሥራት። ከዚያ በኋላ ይለውጣት፤ ፍጥረቶቹን የፎገራ ሩዝ የሚለቅሙ ወፎች፥ ሸሺውንም አባራሪ ያድርገው። ይህ ለውጥ ብዙ ቪዲዮ ከማየት ይልቅ ያስተምረዋል። መምሪያው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለ ሆነ፥ መጀመሪያ ላይ ቋንቋውን የምታውቅ ታላቅ እኅት አጠገቡ ብትቀመጥ ሥራው ይቀልለታል።

በጨዋታው ላይ አማርኛ መጻፍ ሲፈልግም፥ እንደ አቢሲኒካ ያለ የግዕዝ ፊደል የያዘ ነጻ ፎንት አብሮ ያስገባ፤ አለዚያ ጽሑፉ በሰው ስልክ ላይ ባዶ ሣጥን ሆኖ ሊታይ ይችላል።